ወላጅ ኮሚቴ ነው ወይስ አጨብጫቢ? የግል ትምህርት ቤት ወላጆች ኑ እስቲ

የማክዳ_እናት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለቤቱ። እዚህ መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ሆዴ አልችል ስላለ ልጽፍ ነው።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ማክዳ አራተኛ ክፍል ናት፣ ታናሿ ኬጂ። ሁለቱም አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቼ ሰኞም እዚያው ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ የወላጅ ስብሰባ ነበረን። ጥሪው የመጣው ዓርብ ማታ ነው፣ ኮሚኒኬሽን ቡክ ውስጥ ተጣጥፎ። ሦስት ሰዓት ተባለ፣ አራት ሰዓት ተጀመረ። አዳራሽ ስለሌለ ሜዳው ላይ ድንኳን ተክለው የኬጂ ወንበር ደርድረዋል። ሱፍ የለበሱ አባቶች ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ቢጫና ሰማያዊ ወንበር ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል።

ባለቤቱ ተነሱና ስለ ኑሮ ውድነት ተናገሩ። እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ ወርሃዊ ክፍያው ከ4,200 ወደ 6,000 ብር እንደሚገባ ተነገረን። መመዝገቢያው ለብቻ። መጽሐፉ ለብቻ። «ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ተወያይተን ተስማምተናል» አሉ። ፊት የተቀመጡ አምስት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ማን መረጣቸው? ልጄን እዚያ ካስገባሁ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ኮሚቴ ሲመረጥ አይቼ አላውቅም። አጠገቤ የነበረች እናት ጠጋ አለችኝና «መነጽር ያደረጉት የዩኒፎርሙ አቅራቢ ናቸው» አለችኝ።

አንድ አባት ተነስተው ስለ ሽንት ቤቱ ጠየቁ። የሴቶቹ አራት ክፍል አለው። ሁለቱ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፈዋል። ማክዳ ከሰርቪስ ወርዳ ቤት ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ አታወርድም፤ በሩጫ ሽንት ቤት ነው የምትገባው። ቀኑን ሙሉ ይዛው ትውላለች ማለት ነው።

የባለቤቱ መልስ ይቺ ነበረች፦ «ያልተመቸው ወላጅ መብቱ ነው። ልጁን መውሰድ ይችላል። አማራጭ ሞልቷል።»

አንገብግቦኝ የዋለው ይሄ «አማራጭ ሞልቷል» የሚለው ነው። በሰኔ ወር የት ነው ያለው አማራጩ? ሁለት ልጅ ነቅሎ፣ አዲስ መመዝገቢያ ከፍሎ፣ አዲስ ዩኒፎርም አሰፍቶ፣ ሰርቪስ ፈልጎ?

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የግል ትምህርት ቤት ወላጆች እውነተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ወይ? ባለቤቱ የመረጠልን ሳይሆን የራሳችን የሆነ? የሞከረ አለ?

ሽሮ_ፈሰስ

የኬጂ ወንበሩ ሆን ተብሎ ነው እህቴ። ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ሰው ዋጋ አይከራከርም።

ቾክ_አቧራ

እህቴ ልናገር ነው፣ አትቀየሚኝ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው።

አማራጭ አለሽ። ሰፈርሽ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት። ወርሃዊ ክፍያ የለም። እዚህ አዲስ አበባ ምገባ አለ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ከተማ አስተዳደሩ ይሰጣል። ለምን አልመረጥሽውም ብዬ አልጠይቅሽም፣ መልሱን አውቀዋለሁ። የኔ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እኛ ጋ ወተመህ አለ፤ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረት። ስብሰባ ሲጠራ የሚመጡት አያቶች ናቸው፣ ወይ ታላቅ ወንድም «እናቴ ሥራ ላይ ናት» ብሎ። ቃለ ጉባኤ አንብቦ «ይሄ ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ ግል ሄዷል። እኛ ጋ ብትሆኑ ትጮሁ ነበር። ግል ገባችሁና እዚያም ዝም አላችሁ። ታዲያ ማኅበሩ ምን ሊያደርግ ነው? ዋጋ ሊያስቀንስ ብቻ?

የማክዳ_እናት

አልተቀየምኩም። ግን ዝም አላልንም፣ ዝም አሰኙን።

ዳይሬክተር_ነበርኩ

ከሌላው ወገን ልናገር። አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኜ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ለቅቄአለሁ፣ ስለዚህ የምዋሽበት ምክንያት የለኝም።

መጀመሪያ፣ አዎ፣ ኮሚቴውን የምንመርጠው እኛ ነበርን። እውነቱ ይሄ ነው። ግን ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። «እስቲ ኮሚቴ የሚሆን» ብለን ስንጠይቅ ድንኳኑ በሙሉ መሬት መሬት ያያል። እጁን የሚያወጣ ሰው ጠፍቶ ደጃፍ ላይ ሱቅ ያለውን ሰውዬ ለምነን አስገብተናል።

ሁለተኛ፣ ግቢው ኪራይ ነው። አከራዩ በየዓመቱ ይጨምራል፣ እኛን ሰብስቦ አያወያይም። አንድ ደህና የሒሳብ መምህር ካገኘን የተሻለ የሚከፍል ትምህርት ቤት በዓመቱ አጋማሽ ይወስደዋል። ሦስት ወር ሳይከፍል ልጁን በር ላይ ጥሎ የሚሄድ ወላጅ አለ። ልጁን ምን ታደርገዋለህ? ታስገባዋለህ። በኮሮና ጊዜ፣ መጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ስንት በመቶ ይከፈል እያልን ከወላጅ ጋር ስንጨቃጨቅ መምህራኑ ደመወዝ ይጠብቁ ነበር።

ሦስተኛ፣ ወላጅ የሚመጣው ዋጋ ሲነሳ ብቻ ነው። የልጆቹን ንባብ እንዴት እናሻሽል ብለን አንድ ቅዳሜ ጠርተን 21 ሰው መጣ። በሰኔ ለክፍያው ስንጠራ ወንበር አልበቃ አለ።

ሽሮ_ፈሰስ

የኬጂ ወንበር ነው ያልበቃው?

ዳይሬክተር_ነበርኩ

😀 እሱማ አዎ።

ጋሽ_ፒያሳ

ልጆች፣ ወላጅ ኮሚቴ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ።

እኔ ከአብዮቱ በፊት የግል ትምህርት ቤት ነበር የተማርኩት። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 54 የግል ትምህርት ቤቶችን ወረሰ። ከዚያ ትምህርት ቤታችን «የሕዝብ ትምህርት ቤት» ተባለ። የመንግሥት አይደለም፣ የግልም አይደለም። ተማሪ በወር ጥቂት ብር ይከፍላል፣ ወላጆች ያሉበት ኮሚቴ ያስተዳድራል።

አባቴ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ተመረጠ። ነጋዴ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ሥራ ያለ ደመወዝ ሠርቶ አያውቅም። ወር ሲገባ እኛ ቤት ምግብ ጠረጴዛ ላይ ደረሰኝ ይቆረጥ ነበር። የካርቦን ወረቀቱ እጁን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ እናቴ ደግሞ በዚያ እጅ እንጀራ እንዳይነካ ትቆጣለች። የሣጥኑን ቁልፍ ከመስቀሉ ጋር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር የሚተኛው። አንድ ጊዜ 12 ብር ጎደለ። ሌሊቱን ሙሉ ደረሰኝ ሲቆጥር አደረ። ጠዋት ላይ ሁለት ገጽ ተጣብቆ ተገኘ።

የዛሬውን የ«ራስ መነቅነቅ» ኮሚቴ ስታወሩ እሱን አሰብኩት። አባቴ ፈቅዶ አይደለም የገባው፣ ዘመኑ ነው ያስገባው። ግን የትምህርት ቤቱን ገቢና ወጪ ያውቅ ነበር። የናንተዎቹ አምስት ሰዎች ያውቃሉ?

የማክዳ_እናት

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አያውቁም። ብንጠይቅ «የድርጅቱ ሚስጥር ነው» ነው የሚባለው።

መጽሐፍ_በቅናሽ

የአምስተኛ ክፍል ሙሉ መጽሐፍ ያገለገለ አለኝ። ውስጡ በእርሳስ ብቻ ነው የተጻፈበት። በውስጥ መስመር አናግሩኝ።

አወያይ

ሽያጭ እዚህ አይፈቀድም። ለሽያጭ የተከፈተ ክር አለ።

ሜልቦርን_ነኝ

አንብቤ አንብቤ መታገስ አልቻልኩም። ረጅም ነው፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

እዚህ አውስትራሊያ «መንግሥታዊ ያልሆኑ ትምህርት ቤቶች» የሚባል ትልቅ ነገር አለ። ከሦስት ተማሪ ከአንድ በላይ የሚማረው እነዚህ ውስጥ ነው፤ አብዛኞቹ የካቶሊክ ናቸው። የወላጆቻቸው ማኅበራት በየክፍለ ሀገሩ አሉ። አውስትራሊያን ፓረንትስ ካውንስል የሚባል አገር አቀፍም አለ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ልጆቼ ግን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ናቸው። እዚህ ካሉ አበሾች ውስጥ እንደኔ ያለ ብዙ ነው። አንድ ቀን የወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት አሮጊት «ይሄ ሁሉ የመጣው በሽንት ቤት ነው» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ኋላ ሳነበው እውነት ነው።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ጎልበርን የምትባል ከተማ አለች፣ ከሲድኒ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ያኔ መንግሥት ለካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በጀት አይሰጥም ነበር። ወላጅ ግብሩን ይከፍላል፤ በዚያ ግብር የጎረቤት ልጅ ይማራል። ለራሱ ልጅ ደግሞ እንደገና ይከፍላል። ሴት መነኮሳት ናቸው የሚያስተምሩት፣ ለዚያ ነው ዋጋው የተቻለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ልጅም በዛ፣ ከአውሮፓ የመጣ ስደተኛም በዛ፤ ክፍሎቹ ጢም አሉ።

የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጣና አንዱን የሕፃናት ትምህርት ቤት ሽንት ቤት አነሰው አለ። ሦስት ካልጨመራችሁ እውቅናችሁ አይታደስም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ገንዘብ የለኝም አለች። እዚህ ላይ ወላጆቹ ተሰበሰቡ። ሰባት መቶ ያህል ሰው። ተቆጣጣሪውን ለመሳደብ አይደለም። ድምፅ ሰጡ፣ 500 ለ120። የወሰኑት ምን መሰላችሁ? «ትምህርት ቤታችንን እንዘጋለን። ልጆቻችንን በሙሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት እናስመዘግባለን።»

ስድስት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሰኞ ጁላይ 16 ጠዋት ወላጆች ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በር ላይ ተሰለፉ። ጠብ የለ፣ ጩኸት የለ። «ግብር ከፋይ ነን፣ ልጃችንን መዝግቡልን።» ልጆቹ ሁለት ሺህ ያህል ነበሩ። ቦታ የተገኘው ለ640 ብቻ ነው።

አድማው የቆየው አንድ ሳምንት ነው። ለስድስት ሳምንት ነበር የታሰበው። ግን ሳምንቱ በቃው። መላው አገር ያየው አንድ ነገር ነው፦ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ባይኖሩ መንግሥት ያን ሁሉ ልጅ የሚያስቀምጥበት የለውም። በዓመቱ ምርጫ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሜንዚስ፣ እሳቸው እንኳ ካቶሊክ አይደሉም፣ የመንግሥትም ሆነ የግል ሳይባል ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሳይንስ ማስተማሪያ በዓመት አምስት ሚሊዮን ፓውንድ እሰጣለሁ ብለው ቃል ገቡ፤ አሸነፉም። የፌዴራል ገንዘብ ወደነዚህ ትምህርት ቤቶች መፍሰስ የጀመረው በዚህ ነው።

ማክዳ እናት፣ ሰውዬው ያለሽን እንደገና አስቢው። «ልጁን መውሰድ ይችላል።» አንድ ሰው ልጁን ሲወስድ ለባለቤቱ ምንም አይደለም፤ በተጠባባቂ ሌላ ልጅ አለ። ሁለት ሺህ ልጅ በአንድ ጠዋት ሲወሰድ ግን ሌላ ነገር ነው።

የማክዳ_እናት

ሁለቴ አነበብኩት። ባሌንም አስነበብኩት። «ሦስት ሽንት ቤት?» ብሎ ነው የቀረው።

ዳይሬክተር_ነበርኩ

ሜልቦርን፣ በጣም ጥሩ ታሪክ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጎልበርን ላይ ወላጁና ትምህርት ቤቱ አንድ ወገን ነበሩ። ጥያቄያቸው ወደ መንግሥት ነው። እዚህ እኛ እርስ በርስ ነው የምንናከሰው። ወላጅ ማኅበር ቢኖርና ከኛ ጋር ሆኖ «ለትምህርት ቤት የሚሆን መሬት ስጡን፣ ከኪራይ እንውጣ» ብሎ ቢጠይቅ ክፍያውም ይረጋጋል። ወላጅ ባለቤቱን ከመጥላቱ በፊት ይሄን ቢያስብ።

የማክዳ_እናት

አይደለም ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የጎልበርን ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያን ነው። መነኩሲቷ ትርፍ ተካፍላ መኪና አትቀይርም። የኛ ግን ንግድ ነው። ንግድ መሆኑ ክፋት የለውም፣ እኔም ሱቅ አለኝ። ግን እኔ ወጥቼ መንግሥትን «ለሰውዬው መሬት ስጡት» የምለው መሬቱ ሲገኝ ክፍያው እንደሚቀንስልኝ ሳውቅ ነው። ኪራዩ ስንት እንደሆነ አይነግረኝም፣ የመምህራኑ ደመወዝ ስንት እንደሆነ አይነግረኝም፤ ተሟገቺልኝ ይለኛል። የጋሽ ፒያሳ አባት 12 ብር ጎደለ ብለው ሌሊቱን አደሩ። መጀመሪያ ደብተሩን ያሳየኝ።

ጋሽ_ፒያሳ

ተባረኪ ልጄ።

ቾክ_አቧራ

ሜልቦርን፣ ያልነገርከን ነገር አለ። ያ ገንዘብ ከየት መጣ? ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጀት አይደለም ወይ? ዛሬ እዚያ ያሉ የሀብታም ትምህርት ቤቶች ምን ይመስላሉ?

ሜልቦርን_ነኝ

ያዝከኝ መምህር። እውነት ነው።

ያኔም የተቃወሙ ነበሩ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን እንከላከል የሚል ቡድን የአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። መንግሥት ለሃይማኖት ትምህርት ቤት ገንዘብ መስጠቱ ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብለው ነው የከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ1981 ተፈረደ፤ ስድስት ዳኛ ለአንድ፣ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ «ይሰጥ ወይስ አይሰጥ» ሳይሆን «ለማን ምን ያህል» ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጎንስኪ የሚባሉ ሰው የመሩት ጥናት ገንዘቡ በተማሪው ችግር ልክ ይከፋፈል አለ። እስከ ዛሬ በዚያ ይጨቃጨቃሉ።

የጠየቁት ሽንት ቤት ያነሳቸው ወላጆች ነበሩ። ዛሬ መዋኛ ገንዳና የጀልባ ቀዘፋ ክለብ ያላቸው ትምህርት ቤቶችም ከዚያው ቋት ይወስዳሉ። እኔን ብትጠይቀኝ ይሄ ያሳፍራል። ግን የኔ ልጆች ትምህርት ቤት መዋኛ የለውም፤ ያ ገንዘብ ባይኖር ክፍያውን አልችለውም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

አንቀጽ_27

ሕግ የተማርኩ ነኝ፤ ጠበቃ ግን አይደለሁም። ትንሽ ላክል።

የወላጅ ምርጫ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 26 ለልጅ የሚሰጠውን የትምህርት ዓይነት የመምረጥ ቀዳሚው መብት የወላጅ ነው ይላል። ኢትዮጵያ በ1993 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 13 ደግሞ መንግሥት ካቋቋማቸው ውጪ ያሉ ትምህርት ቤቶችን የመምረጥ ነፃነት ይከበር ይላል፤ ዝቅተኛውን የትምህርት ደረጃ ካሟሉ። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ወላጆች በእምነታቸው መሠረት የልጆቻቸውን የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት የማረጋገጥ መብት አላቸው ይላል። ስሜንም ከዚያ ነው የወሰድኩት።

ግን ልብ በሉ። ቃል ኪዳኑ ነፃነቱን አክብር ነው የሚለው፤ ክፈልላቸው አይልም። ስለዚህ የአውስትራሊያን ዓይነት ገንዘብ በመብት ልትጠይቁ አትችሉም። በፖለቲካ ነው የሚጠየቀው፤ እነሱም ያገኙት በምርጫ ነው።

ማኅበር ማቋቋምን በተመለከተ፣ መደራጀት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 የተፈቀደ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ከበፊቱ በጣም የቀለለ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ኮሚቴ ግን ምዝገባ ሳይጠብቅ ነገውኑ መምረጥ ይችላል። የምትፈሩት ሕጉን ከሆነ አትፍሩ። የምትፈሩት ልጄ ላይ ጥርስ ይነከሳል ብላችሁ ከሆነ እሱ ሌላ ነው፣ እኔም እፈራለሁ።

ዲሲ_ታክሲ

ዋሽንግተን ስላለው አንድ ነገር ልበል፣ አጭር ነው። እዚህ ቻርተር የሚባል አለ። ገንዘቡ የመንግሥት፣ አስተዳደሩ የራሱ፣ ክፍያ የለውም። ከመንግሥት ተማሪ ግማሽ የሚጠጋው እዚያ ነው። የሚገባው በዕጣ ነው፤ ማይ ስኩል ዲሲ ይባላል። እስከ 12 ትምህርት ቤት በምርጫህ ቅደም ተከተል ትሞላለህ። ልጄ አንደኛ ብዬ የሞላሁት ትምህርት ቤት ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ሁለት ዓመት ቆይቷል። ሁለት ዓመት! አማራጭ ሞልቷል የሚላችሁ ሰው ዕጣ ቆርጦ አያውቅም።

ሣር_ቤት_ሰፈር

ወሬው አገር ለአገር ዞረ፤ እኔ የሠራነውን ልንገራችሁ። እኛ ትምህርት ቤት ከሦስት ዓመት በፊት ኮሚቴ መርጠናል። እውነተኛ።

መጀመሪያ የወላጆችን ስልክ ጠየቅን፣ አይሰጥም አሉ። ትክክል ናቸው፣ የሰው ስልክ ነው። ስለዚህ አንዲት እናት ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ቆመን ልጅ ሊወስድ የመጣውን ሁሉ «ስም፣ ስልክ፣ የልጅዎ ክፍል» እያልን ጻፍን። ጥበቃው ሁለት ጊዜ አባረረን። በሦስተኛው ቀን ራሱ እስክርቢቶ አበደረን፤ የሱም ልጅ እዚያው ነው የሚማረው። ሰርቪስ የሚጠቀሙትን ግን በበሩ አታገኟቸውም። እነሱን ሾፌሮቹ ናቸው ያገናኙን።

ከዚያ ከየክፍሉ አንድ ተወካይ ተመረጠ። ወረቀት ቆርጠን፣ ስም ጽፈን፣ ኮፍያ ውስጥ። እጅ ማውጣት የለም፤ እጅ ሲወጣ ማን እንዳወጣ ይታያል። ለትምህርት ቤቱ የሚሸጥ፣ የሚያቀርብ፣ ዘመድ የሆነ አይወዳደርም አልን። እዚህ ላይ ትንሽ ጭቅጭቅ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራችን ክፍያ አልነበረም። ይሄን ስሙኝ። ክፍያ ይዘን ብንገባ በዚያው እንዘጋ ነበር። መቁጠር ጀመርን። ስንት ክፍል፣ ስንት ልጅ፣ ስንት ቧንቧ፣ ስንቱ ይሠራል፣ በዓመት ስንት መምህር ለቀቀ። አንድ ገጽ ሆነ። ዳይሬክተሯ ስታየው ዝም አለች። ከዚያ «ይሄን እኔም ለባለቤቱ መስጠት እፈልጋለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ክፍያ የተነጋገርነው፤ ያኔ ቢያንስ የኪራይ ውሉን አሳዩን። ጭማሪ ቀረ ወይ? አልቀረም። ለሁለት ዓመት ተከፋፈለ።

የማክዳ_እናት

ደብተሩን ዛሬ ገዛሁ። ባለ 50 ነው።

ሽሮ_ፈሰስ

እስክርቢቶም ግዢ፣ የሁሉም ጥበቃ አያበድርም።

ቾክ_አቧራ

ሣር ቤት፣ ያንን አንድ ገጽ እዚህ ብትለጥፊው የኛም ወተመህ ይጠቀምበት ነበር። ቧንቧ መቁጠር የግልና የመንግሥት የለውም።

ሣር_ቤት_ሰፈር

የትምህርት ቤቱን ስም አጥፍቼ ነገ እለጥፋለሁ መምህር።

የማክዳ_እናት (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

በአራት ቀን 84 ስም አገኘን። አምስት እናቶችና ሁለት አባቶች ሆነን ደብዳቤ ጻፍን። አንቀጽ 27 በውስጥ መስመር አርሞልናል፤ «በአክብሮት» የሚለውን ሦስት ቦታ አስገባልን። ገጹን የሠራነው እንደ ሣር ቤት ነው። ሽንት ቤት፣ ቧንቧ፣ የለቀቁ መምህራን። ማክዳና ጓደኛዋ ናቸው የሴቶቹን የቆጠሩልን። እረፍት ላይ ስንት ልጅ እንደሚሰለፍ በጣታቸው ቆጥረው መጡ።

ባለቤቱ ሰባታችንን ቢሯቸው ጠሩን። ሻይ አዘዙልን። መጀመሪያ ተቆጡ። «ይሄን ከእኔ ጋር መነጋገር ስትችሉ በር ላይ ስም መሰብሰብ ምን ማለት ነው?» አሉ። አንዱ አባት፣ ያ ሽንት ቤቱን የጠየቁት፣ «እርስዎ ውሰዱ ስላሉን ነው ጋሼ። ስንወስድ ስንት እንደምንሆን ልናውቅ ብለን ነው» አሏቸው። ቢሮው ጸጥ አለ። ሜልቦርን፣ ያቺን ካንተ ነው የወሰድናት።

የተቆለፉት ሁለቱ ሽንት ቤቶች በማግስቱ ተከፈቱ። አንዱ ውስጥ የቀለም ቆርቆሮና የተሰበሩ ወንበሮች ነበሩ። ሁለተኛው ምንም የለውም፣ ቁልፉ ጠፍቶ ነው። ዓመት ሙሉ!

ክፍያው 5,600 ሆኗል። ሒሳቡን ግን አላሳዩንም። «ኮሚቴው ሲመረጥ እናያለን» ብለዋል፤ ይሄ በጽሑፍ አለን። ደብተሩ ላይ አስፈርመናቸዋል።

ምርጫው የሚመጣው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ነው። ከየክፍሉ አንድ፣ በወረቀት። ወንበር ይዛችሁ ኑ ብለን በቴሌግራም ተናግረናል፣ የኬጂው ይቅርብን። የዩኒፎርሙ አቅራቢም «እኔም ወላጅ ነኝ፣ እወዳደራለሁ» ብለው ተመዝግበዋል። መከልከል አለብን የለብንም በሚለው ሌሊቱን ሙሉ ግሩፑ ላይ ስንከራከር አደርን፤ አሁን ስጽፍላችሁም 112 ያልተነበበ መልእክት አለኝ።